ምክር ቤቱ ስለ አገር ቤት ጦርነት ቢወስን ምን ይገኛል? (ሞንትጎመሪ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ዲሲ)

አባይ_ማዶ፦

ሰላም ወገኖች። በአማራ ክልል ስላለው ጦርነት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት አቋም እንዲይዝ የሚጠይቅ ረቂቅ በየቴሌግራሙ እየዞረ ነው። አራት ገጽ ነው። "ስለሆነ" እያሉ የሚያልቁት የመግቢያ አንቀጾች 31 ናቸው። "ስለዚህ ተወስኗል" የሚለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም "ድርጊቱን እናወግዛለን" ብሎ ያበቃል። በዚያው ሰሞን ስለ ስላይጎ ክሪክ (በካውንቲው ስለሚያልፈው ጅረት) ብክለት የሚናገር ሌላ አቤቱታ ወጥቷል። ሁለቱን የሚፈርሙት ያው ሰዎች ናቸው፤ የሚያነቡትም ያው የምክር ቤት አባላት ናቸው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ምክር ቤት ስለ ውጭ አገር ጦርነት ሲወስን በሕግ ምን ያህል እጁ ይደርሳል? በምን መንገድ ይቀርብለታል? ረቂቁስ ምን ጎድሎታል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉ። ዓመቶችን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እናድርግ፣ እንዳንደናገር።

መዝገብ_ቤት፦

ከቃሉ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ አዋጅ ማለት ሕግ ነው። እዚህ አገር ፕሮክላሜሽን የሚሉት ግን የክብር ወረቀት ነው። አንድ አባል ወይም ከንቲባው ፈርሞበት ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ማንንም አያስገድድም። "ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ አዋጅ አወጣ" ተብሎ ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው ይኸው ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ሪዞሉሽን ነው፤ የውሳኔ ሐሳብ እንበለው። ድምፅ ይሰጥበታል፣ የምክር ቤቱ አቋም ሆኖ ይመዘገባል። ስለ ውጭ ጉዳይ ሲሆን ግን ከአቋምነት አያልፍም። በኤፕሪል 2018 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ያጸደቀው ኤችአር 128 የተባለው ሪዞሉሽን እንኳ፣ የኮንግረስ ሆኖ፣ የሕግ ኃይል አልነበረውም። የካውንቲ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ መንገዱ እንዲህ ነው፦ አንድ አባል ረቂቁን ያስገባል፣ ቀን ተቆርጦ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ ወደ ኮሚቴ ይወርዳል፣ እዚያ ሐረግ በሐረግ ይታያል፣ ከዚያ ሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል። ምክር ቤቱ ከ2022 ምርጫ ወዲህ 11 አባላት አሉት፤ ሰባቱ ከየወረዳው፣ አራቱ ከመላው ካውንቲ የተመረጡ ናቸው። ስለዚህ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ለመፈረም ወይም ለመመለስ 10 ቀን አለው። አስቸኳይ ካልተባለ በቀር ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው ከጸደቀ ከ91 ቀን በኋላ ነው።

ስለዚህ ፊርማ የሚያሰባስቡት ልጆች ከሦስቱ የትኛውን እንደሚጠይቁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉት። የአባሉ ረዳት ወረቀቱን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ነው። ለይታችሁ ካልጻፋችሁ ቀላሉን፣ ማለትም የክብር ወረቀቱን፣ ይሰጣችኋል።

ሌላም አለ። የሜሪላንድ የግልጽ ስብሰባዎች ሕግ ስብሰባውን የመከታተል መብት ይሰጣል እንጂ የመናገር መብት አይሰጥም። ማክሰኞ ጠዋት መቶ ሰው ባንዲራ ይዞ አዳራሽ ቢሞላ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንድም ሰው ላይናገር ይችላል። ለመናገር የአስተያየት መስሚያ ቀኑን ጠብቆ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። በአማርኛ ሦስት ደቂቃ ማለት በእርጋታ ሲነበብ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። አስተርጓሚ ካለ ደግሞ ግማሹን ቁጠሩ።

ሕግ_አዋቂ፦

የመዝገብ ቤት ማብራሪያ ትክክል ነው። እኔ "እጁ እስከ የት ይደርሳል" ለሚለው ልመልስ።

በዚህ አገር ሕገ መንግሥት የውጭ ጉዳይ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ማሳቹሴትስ በ1996 ከበርማ ጋር የሚነግዱ ኩባንያዎች ለግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ሲጫረቱ በዋጋቸው ላይ 10 በመቶ እንዲታሰብባቸው የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 2000 ክሮዝቢ በሚባለው መዝገብ ዘጠኙም ዳኞች ሕጉን ጣሉት። ምክንያታቸው ኮንግረስ ራሱ ስለ በርማ ማዕቀብ ደንግጎ፣ መቼ ይጥበቅ መቼ ይላላ የሚለውን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቶ ስለነበር ነው። የማሳቹሴትስ ሕግ ያንን ያሰናክላል አሉ።

በዚያው ግን የእኛው ሜሪላንድ ተቃራኒ ምሳሌ አላት። ባልቲሞር በአፓርታይድ ዘመን የሠራተኞቿን የጡረታ ገንዘብ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲወጣ ደነገገች። የጡረታ ቦርዶቹ ከሰሱ። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1989 ለከተማዋ ፈረደላት። የራስን ገንዘብ የት እንደሚያስቀምጡ መወሰንና በሌላው ንግድ ላይ ቅጣት መጣል አንድ አይደሉም።

የተጠየቀው ሪዞሉሽን ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ስጋት የለበትም። ምክር ቤት አስተያየቱን ከመናገር የሚከለክለው የለም። ስለ ጋዛ ተኩስ ማቆም በርካታ ከተሞች ወስነዋል። ሳን ፍራንሲስኮ በጃንዋሪ 2024 በ8 ለ3 አጸደቀች። ቺካጎ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ድምፁ እኩል ሆኖ ከንቲባው በጨመሩት ድምፅ 24 ለ23 አለፈ። ሚኒያፖሊስ ላይ ከንቲባው ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ መልሶ አጸደቀው። አንዳቸውም በሕግ አልተነኩም። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው የሚከፈለው፤ ምክር ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፣ አዳራሹ ለሳምንታት በዚያ ጉዳይ ይያዛል።

ወለላ_ማር፦

ወንድሜ ሕግ አዋቂ፣ ያልከውን አከብራለሁ። ግን አነጋገርህ ሪዞሉሽን ባዶ ወረቀት ነው የሚል ይመስላል። አይደለም። በርክሌይ በ1979 በሕዝብ ድምፅ ገንዘቧን ከአፓርታይድ ስታወጣ ዋሽንግተን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር። ከተማ በከተማ ላይ ተጨመረ፣ ግዛቶች ተከተሉ። በ1986 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ሽሮ ማዕቀቡን ሕግ አደረገ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሕግ_አዋቂ፦

እህቴ፣ እሱን አልካድኩም። ግን በርክሌይ ምን እንዳደረገች ልብ በዪ፤ የራሷን ገንዘብ አወጣች። "እናወግዛለን" ብላ አላቆመችም። ረቂቃችን የጎደለው ይህ ነው። ካውንቲው በኢትዮጵያ ጉዳይ በእጁ ያለው ምንድን ነው? የጡረታ ገንዘቡ እዚያ የለም፣ ከዚያ የሚገዛው ዕቃ የለም። ያለው አንድ ነገር ነው፦ ሞንትጎመሪ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ናት። ዲሲም ከ2013 ጀምሮ የአዲስ አበባ እህት ከተማ ናት። 31 አንቀጽ ያለው ረቂቅ ጎንደርን በእህት ከተማነት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀሰም! የካውንቲው ጠበቃ "ይህ እኛን ምን አገባን?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እሷ ነበረች።

ስላይጎ_ዳር፦

ሞንትጎመሪ ውስጥ ስላለችው ስለ ታኮማ ፓርክ ከተማ ልጨምር፤ ከተማዋ በዚህ ጉዳይ አርባ ዓመት ያለፈው ልምድ አላት።

ታኮማ ፓርክ በ1983 ራሷን ከኑክሌር ነፃ ቀጠና አድርጋ ደነገገች። ሪዞሉሽን ሳይሆን ሕግ ነው። ከተማዋ ከኑክሌር ጦር መሣሪያ አምራቾች ጋር ውል እንዳትገባ፣ ዕቃቸውንም እንዳትገዛ ይከለክላል፤ የሚከታተል ኮሚቴም ተቋቁሞለታል። እንዲህ ያለ ሕግ የት ላይ እንደሚፈተን ለማየት የ2012ን ጉዳይ ተመልከቱ። ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። አምራቹ ከኑክሌር መሣሪያ ሥራ ጋር ግንኙነት ያለው ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በድምፅ ልዩ ፈቃድ ካልሰጠ በቀር ሰው ሊጠቀምባቸው አይችልም ነበር፤ በመጨረሻ ፈቃዱ ተሰጠ። አንድ ሐረግ ስለ ዓለም ሰላም ተጽፎ፣ ከ29 ዓመት በኋላ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ሕጉ መጥፎ ነው አልልም፤ እንዲያውም ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት አንቀጽ አብሮ ባይጻፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። "ካውንቲው ከእነ እገሌ ጋር አይገበያይ" የሚል ነገር ለማስገባት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መውጫ በሩን አብራችሁ ጻፉ።

ለእኛ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ እንዲመርጡ ፈቅዳለች። ግሪን ካርድ ያለውም ሆነ ጉዳዩ ያላለቀለት፣ ከተማው ውስጥ እስከኖረ ድረስ ከንቲባውንና የዋርዱን (የሰፈሩን የምርጫ ክልል) ተወካይ ይመርጣል። ምክር ቤቱ ከንቲባውን ጨምሮ ሰባት ሰው ነው፤ በአንድ ዋርድ ውስጥ ጥቂት አሥር ድምፅ ለውጥ ያመጣል።

እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በከተማው ጸሐፊ ቢሮ ባለው የከተማው ቅጽ ብቻ ነው። የግዛቱ ቅጽ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚቀርበው የምዝገባ ጥያቄ "ዜጋ ነዎት?" ይላል። እዚያ ላይ ሳያስተውሉ "አዎ" ማለት በሐሰት ዜጋ ነኝ እንደማለት ይቆጠራል፤ በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። በየእድሩና በየቤተ ክርስቲያኑ "ተመዝገቡ" የምትሉ ሰዎች ሁለቱን ቅጾች ለይታችሁ አሳዩ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ አታስቀምጧቸው።

የእድር_ሒሳብ፦

ፊርማውን በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ስም ለምታስገቡ፦

501 ሲ 3 የሆነ (ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት) ድርጅት ለምክር ቤት ሪዞሉሽን መገፋፋት ይችላል፤ ግን ይህ ሎቢ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ "ሕግ ማውጣት" የሚለው ትርጉም የከተማና የካውንቲ ምክር ቤት ሪዞሉሽንንም ይጨምራል። ስለዚህ "ሕግ አይደለም፣ አቋም ብቻ ነው" የሚለው መከራከሪያ አያድንም። ደንቡ ሎቢው የድርጅቱ ሥራ ዋና ክፍል መሆን የለበትም ይላል፤ "ዋና" ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ቁጥሩን ማወቅ የሚፈልግ ማኅበር ቅጽ 5768ን ሞልቶ 501 ኤች የሚባለውን ይመርጣል። ያኔ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ወጪ 20 በመቶውን ለሎቢ ማዋል ይፈቀዳል። በዓመት 80,000 ዶላር የሚያወጣ ማኅበር 16,000 ዶላር ድረስ ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሕዝቡን ቀስቅሶ ለማስደወል የሚወጣው ከ4,000 መብለጥ የለበትም። በነፃ የሚያገለግል ሰው ጊዜ አይቆጠርም። ቅጹን በዓመቱ ውስጥ መቼም ቢያስገቡት ለዓመቱ በሙሉ ይሠራል። አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህን መምረጥ አይችሉም፤ እነሱ ሥራውን ለማኅበሩ ቢተዉት ይሻላል። ለምርጫ ተወዳዳሪ ድጋፍ መስጠት ደግሞ ለሁሉም 501 ሲ 3 ፍጹም ክልክል ነው።

ሌላው ፋራ የሚባለው የ1938 ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ወይም እንዲገፋ የጠየቀው ውጭ አገር ያለ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ፓርቲ ወይም የታጠቀ ቡድን ከሆነ፣ እዚህ የሚያስፈጽመው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር በወኪልነት የመመዝገብ ግዴታ ሊመጣበት ይችላል። ገንዘብ አለመቀበል ብቻውን አያድንም። ይህ የሚሠራው ለመንግሥት ደጋፊውም ለተቃዋሚውም ነው። ረቂቁ እዚህ በሚኖሩ ሰዎች፣ በራሳቸው ፍላጎት የተጻፈ መሆኑን አረጋግጡ።

መዝገብ_ቤት፦

ረቂቁን አነበብኩት። የምክር ቤቱ ጠበቆች መጀመሪያ የሚይዙት ቀንና ቁጥር ነው፤ አንድ ስህተት ካገኙ ሌላውንም አያምኑም።

ምሳሌ ልስጥ። ረቂቁ በአማራ ክልል መራዊ ከተማ ስለተፈጸመው ግድያ ሲጽፍ ቀኑን "ጥር 20፣ 2016" ከሚለው የአማርኛ ጽሑፍ ወስዶ በእንግሊዝኛው ላይ "ጃንዋሪ 20፣ 2016" አድርጎታል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 29፣ 2024 ነው። የሟቾቹን ቁጥርም ያለ ምንጭ በመቶዎች አስቀምጦታል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2024 ያወጣው መግለጫ ማንነታቸውን ያረጋገጠው ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ነው። "ቢያንስ" የምትለዋን ቃል አትጣሏት፤ "ከዚህም ሊበልጥ ይችላል" የሚለውን ይዛልን የቆመችው እሷ ናት። ምክር ቤት ፊት ማንም ሊነቀንቀው የማይችል 45፣ ማንም ሊያረጋግጠው ከማይችል ትልቅ ቁጥር ይበልጣል። ኮሚሽኑ በኢትዮጵያ ሕግ የተቋቋመ መሆኑን በአንድ ሐረግ ጥቀሱት፤ የውጭ ወሬ ነው ለሚሉ መልስ ይሆናል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም እንዲሁ ይስተካከል፦ በኦገስት 2023 ታወጀ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ለአራት ወር ተራዘመ። ረቂቁ አሁንም በሥራ ላይ እንዳለ አድርጎ ጽፎታል።

31ዱን ወደ ስድስት ወይም ሰባት አውርዱት። አንዱ ካውንቲው ከጎንደር ጋር ስላለው ዝምድና፣ አንዱ እዚህ ስላለው ማኅበረሰብ፣ ሁለት ወይም ሦስቱ ምንጭ ስላላቸው ክስተቶች፣ አንዱ በሌሎች ክልሎች ስላለቁ ሰላማዊ ሰዎች። የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። የአንድ ወገን ሐዘን ብቻ ያለበት ወረቀት ሲቀርብ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌላው የማኅበረሰቡ ክፍል ተቃራኒ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ያኔ አባላቱ ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ከትግራይም ከኦሮሚያም የመጡ ሰዎች ስማቸውን ያኖሩበት አጭር ወረቀት ግን ሊቀመጥ አይችልም።

ስላይጎ_ዳር፦

አሁን ስለ ክሪኩ። አባይ ማዶ ሁለቱን አብሮ ማንሳቱ ልክ ነው፤ በዚህኛው ምክር ቤቱ ሕግ ማውጣት፣ መቅጣት፣ ገንዘብ መመደብ ይችላል። በጦርነቱ ጉዳይ ለሌላው ደብዳቤ ይጽፋል፤ በውኃው ጉዳይ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ዲሲ በጃንዋሪ 2010 በፌስታል ላይ 5 ሳንቲም ስትጥል ገንዘቡ አናኮስቲያ ወንዝን ለማጽዳት እንዲውል በሕጉ ውስጥ ተጻፈ። ሞንትጎመሪ በጃንዋሪ 2012 ተከተለ፤ ከአምስቱ አራቱ ለውኃ ጥራት፣ አንዱ ለሱቁ ነበር። ስላይጎ ክሪክ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ አልፎ መጨረሻው አናኮስቲያ ነው። ፌንተን ስትሪት ላይ የወደቀ ፌስታል የት እንደሚደርስ ከዚህ ተነስታችሁ ተከተሉት።

በነዳጅ የሚሠራው የቅጠል መንፊያም እንዲሁ ነው። ዲሲ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከለከለች፤ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ሞንትጎመሪ ሽያጩን በጁላይ 2024፣ መጠቀሙን በጁላይ 2025 ከለከለ። በሽያጩና በአጠቃቀሙ መካከል አንድ ዓመት የተተወው በምክንያት ነው፤ በግቢ ጽዳት የሚተዳደሩ ሰዎች ማሽናቸውን እንዲቀይሩ። በዚህ ሥራ ያሉ ወገኖቻችን ሕጉን ከቅጣት ወረቀት ላይ እንዳይማሩት ንገሯቸው።

የክሪኩ አቤቱታ "ክሪካችን ቆሽሿል" ብቻ ነው የሚለው። የት? መቼ? ከየትኛው ቱቦ? የዝናብ ውኃ መውረጃው እንደ ቤት ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ መንገድ ዳር ካለው ፍርግርግ በቀጥታ ክሪኩ ውስጥ ይገባል። ምግብ ቤት ጀርባ የተደፋ የጥብስ ዘይት፣ ባልዲ ሙሉ የወለል እጣቢ፣ የተረፈ ቀለም ሁሉ እዚያ ይደርሳል። ምልክቱን ለማየት ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ያልዘነበበትን ጊዜ ምረጡና ቱቦው ክሪኩ ላይ የሚከፈትበት ቦታ ውረዱ። በደረቅ ወቅት ቱቦው ውኃ ካፈሰሰ የሆነ ሰው የሆነ ነገር እየደፋ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የመጠጥ ውኃ ወይም የፍሳሽ መስመር ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋ ካለው አረፋውን ጻፉ። ወተት መሰል ነጭ ከሆነ ቀለም ወይም ሲሚንቶ የታጠበበት ሊሆን ይችላል። ግራጫ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል፤ እጃችሁን አታስገቡ። ሰዓቱን፣ የቱቦውን ስፋትና ፎቶውን ይዛችሁ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውሉና የጉዳዩን ቁጥር ተቀበሉ። ሰዎች ይህን ቁጥር አይቀበሉም፣ ከዚያ "ደወልን፣ ማንም አልመጣም" ይላሉ። በአንድ ወቅት ውስጥ የተሰበሰቡ አሥራ አምስት ቁጥሮችና አንድ ካርታ ምክር ቤት ፊት ከሺህ ፊርማ ይበልጣሉ፤ ኮሚቴው በጀት ሲይዝ የሚጠይቀው እነሱን ነውና።

ወለላ_ማር፦

ስለ ቋንቋው ደግሞ ይታወቅ፦ ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ያጠቃልላል፤ ዋና ዋና ሰነዶች እንዲተረጎሙና አስተርጓሚ እንዲቀርብ መጠየቅ ይቻላል። ሞንትጎመሪ ላይም አስቀድሞ ከተጠየቀ አስተርጓሚ ይገኛል። እናቶች ስለ ክሪኩም ስለ ጎንደርም በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ ልጅ ተርጓሚ ሆኖ ሲቆም ግማሹን ይውጠዋል።

አባይ_ማዶ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከልጆቹ ጋር ተነጋግሬ የውሳኔውን ክፍል እንዲህ አስተካክለነዋል፤ አርሙልኝ።

"ስለዚህ ምክር ቤቱ፦ 1ኛ፣ በእህት ከተማው ጎንደርና በመላው ኢትዮጵያ ሰላማዊ ሰዎችን የሚያጠቁ ወገኖች ሁሉ ጥቃቱን እንዲያቆሙ ይጠይቃል። 2ኛ፣ የካውንቲው የእህት ከተማ ኮሚቴ ለጎንደር ሆስፒታልና ትምህርት ቤቶች የሕክምናና የትምህርት ቁሳቁስ የሚደርስበትን መንገድ አጥንቶ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። 3ኛ፣ ካውንቲው የትኛውንም ተዋጊ ወገን ከሚደግፍ ኩባንያ ጋር ውል አይገባም። 4ኛ፣ ይህ ውሳኔ ለኮንግረስ ተወካዮቻችን ይላክ።"

ሕግ_አዋቂ፦

2ኛው ጥሩ ነው፤ ካውንቲው በእጁ ያለውን ነው የሚጠይቀው። 3ኛውን አውጡት። የክሮዝቢን ጉዳይ ይጎትታል፣ "የሚደግፍ" ማለት ምን እንደሆነም ማንም ሊመዝነው አይችልም። ደግሞም እሱ ካለ ወረቀቱ ሪዞሉሽን መሆኑ ቀርቶ የግዢ ሕግ ይሆናል፤ ያኔ የመስሚያ ቀንና የኮሚቴ ሥራ ያስፈልጋል።

መዝገብ_ቤት፦

4ኛው ላይ "ይላክ" ብቻ አትበሉ። ማን ይልካል? ለማን? እስከ መቼ? ካልተጻፈ አይላክም፤ የጸደቀው ወረቀት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። እንዲህ በሉት፦ "የምክር ቤቱ ጸሐፊ የዚህን ውሳኔ ግልባጭ በ10 ቀን ውስጥ ለሜሪላንድ ሁለት ሴናተሮች፣ ካውንቲውን ለሚወክሉ የኮንግረስ አባላት፣ ለሁለቱ የኮንግረስ ምክር ቤቶች የውጭ ጉዳይ ኮሚቴዎች፣ ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለጎንደር ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይልካል።" ለጎንደር የሚሄደው የአማርኛ ትርጉም ይያያዝበት፤ ትርጉሙን እኛ አዘጋጅተን እንስጣቸው፣ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር አድርገን።